ግመሏ ያሸተተችው እግር

ሐምሌ 2011 ዓ.ም.
አል-ዒዳቢ፣ ጂዛን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ክረምቱስ እንዴት ገባ፣ ማሽላው ደህና ይዟል? እህቴ ሰውዳስ ደህና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ለወጉ ያህል ያልኩ እንዳይመስልሽ፤ ቆሜ መሄዴ ራሱ ወሬ ነው፣ እነግርሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ረጀብ ነው። የሐይቅ ሰው ነው፣ ከዓመት በላይ አብረን ግመል ጠብቀናል። ስደቱ በቃኝ ብሎ እጁን ለሹርጣ፣ ለፖሊሱ፣ ሊሰጥ ነው፤ እነሱ ወደ አገሩ ይልኩታል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ እዋሻለሁ። ወረቀት አይጠይቅም። ሰውዳ በር ዘግታ ታንብብልሽ።

አምና ከመንሱር ጋር ከየመን ድንበሩን ስንሻገር እግሬን መትቶኝ ነበር። ደበቅኩሽ። የመድፍ ፍንጣሪ ነው፣ ባቴን በስቶት ወጣ። ስምንት ወር ሙሉ አልዘጋ አለ። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝ። ከፊሉ፣ አሠሪያችን ማለቴ ነው፣ ማንከሴን ካየ ያባርረኛል ብዬ እሱ ፊት ቀጥ ብዬ እራመዳለሁ፤ ዞር ሲል ቁጭ። የቁስሉን ሽታ እኔው ራሴ ፈራሁት።

ጥር ላይ አንዲት ግመል ወለደች፤ ግልገሏ ግን ሳይቆም ሞተ። ዶክተር ያሲን የሚባል ሱዳናዊ የከብት ሐኪም ከጂዛን መጥቶ ነበር። ከግልገሉ እትብት ቆርጦ በበረዶ ይዞ ሄደ። ምን ሊያደርግለት ነው ብለን ከረጀብ ጋር ሳቅን።

ግመሏ ወተቷን ከለከለች። ረጀብ የግልገሉን ቆዳ ገፎ፣ ገለባ ጠቅጥቆ አቆመላት። አባባ ለቦራዋ ላም ያደረገላትን ታስታውሻለሽ። ላሟ ተታላ ነበር። ግመሏ ግን አሸተተችውና ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ አንገቷን ወደ ጂዛን መንገድ አዙራ ቆማ ትውላለች። ከፊሉም ካልታለበች ለሥጋ ትሄዳለች አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሩ በትናንሽ ብልቃጥ ውሃ የመሰለ ነገር ይዞ ተመለሰ። የከፊሉ የሩጫ ግመል ጅማቱ ተጎድቶ ስለነበር እሱን ሊወጋው ነው። ግመሉን የምይዘው እኔ ነኝና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ከዚያ እትብት የወሰዳቸው ሕዋሳት ጂዛን ውስጥ በመስታወት ዕቃ፣ በሙቀት፣ እየተባዙ በሕይወት አሉ አለኝ። ግንደ ሕዋስ ይላቸዋል። የሚወጋው ግን እነሱን አይደለም፤ እነሱ ያመነጩትን ውሃ ነው።

«እነሱ ከቦታቸው አይነቃነቁም» አለኝ። «የሚላከው ያወጡት ነው። የተጎዳው ሥጋ ሲደርሰው ራሱን መጠገን ይጀምራል። ደብዳቤ በለው።»

ገና ሙከራ ነው፣ ለከብትም ቢሆን መሥራቱን አላረጋገጥንም ብሎ ጨመረ። እኔ ግን ፀጉሬ ቆመ። የግልገሉን ሥጋ በእጄ ቀብሬዋለሁ፤ ደብዳቤው ይመጣል።

ብልቃጡን ቅበረው ብሎ ሰጠኝ። ሥሩ ላይ ጥቂት ጠብታ ቀርታ ነበር። እማ፣ አትቆጪኝ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቁስሌ ላይ አንጠፈጠፍኳት። በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ መጣ፣ አራት ጊዜ እንዲሁ አደረግኩ። ቁስሉ ከሥሩ ይሞላ ጀመር፣ በመጨረሻም ቆዳ ለበሰ። መድኃኒቱ ይሁን ጊዜው ደርሶ አላህ ያውቃል። አዲሱ ቆዳ ግን ሁልጊዜ ይሞቃል፣ ከሌላው እግሬ ይልቅ። ለዶክተሩ ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለሰው አልተሞከረም፣ ብትሞትስ ብሎ ተቆጣኝ።

የግመሏን ነገር ግን አልነገርኩትም። አንድ ማለዳ ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ መጣች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ባቴን አሸተተች፤ ረጅም ጊዜ ቆየች። ግመል ለግልገሏ ብቻ የምታሰማው የጉሮሮ ድምፅ አለ፣ እሱን አሰማች። ወተቷ ማንም ሳይነካት አሸዋው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቧ ካልቆምኩ አትታለብም። ስሄድ ትከተለኛለች፣ ስሰግድ ከኋላዬ ትቆማለች። ከተራራው ማዶ መድፍ ሲያጓራ አንገቷን በላዬ ትጥላለች። ረጀብ አይቶ ቢስሚላህ እያለ ሸሸ። ከፊሉ ግን ደስ አለው፤ «ኸላስ፣ በቃ፣ አንተ የትም አትሄድም» አለኝ።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ገለባውን ገና ስታሸተው ያወቀች እንስሳ ናት፤ እኔ ላይ ግን ልጇን አገኘች።

እማ፣ ስደውልልሽ ሁልጊዜ «መንሱርን አቅርብልኝ» ትይኝ ነበር። ወንድሜ እስኪመጣ ጠብቂ እልሻለሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ጥቂት እቆያለሁ። ከዚያ እሱ እንደሚያደርገው ሁለት ጊዜ እስላለሁ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ «እማ» እላለሁ። ልጆች ሳለን ከበር ማዶ ስንጠራሽ ድምፃችሁን አልለየውም ትይን ነበር። ዓመት ሙሉ እንዲህ አነጋገርኩሽ። ስትሰናበቺው «ዕድሜህን ያርዝመው» ነበር የምትይው። በረመዳን መጨረሻ ግን ያንን አላልሽም። ትንፋሽሽ ይሰማኛል። «ቀብርህን ኑር፣ ብርሃን ያድርግልህ፣ ልጄ» ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ እሱን አቅርብልኝ ብለሽ አታውቂም።

ባለፈው ሳምንት ቁስሌ የታሰረበትን፣ ሳላጥበው የቀረውን ጨርቅ በገለባው ግልገል አንገት ላይ አሰርኩት። ግመሏ መጣች፣ አሸተተች፣ ታለበች። አሁን እኔን አትፈልገኝም፣ መሄድ እችላለሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእሷ ገለባ ትቼላት መሄዴ ነው። ላንቺ ግን እንዲያ አላደርግም። ከእንግዲህ ስልኩ ላይ የምታገኚው እኔን ብቻ ነው።

ረጀብ በሄደ በሳምንቱ እኔም እጄን እሰጣለሁ። እስክደርስ ለጎረቤት ምንም አትናገሪ፤ ሰደቃውን አብረን እናወጣለን። ሰውዳን ሳሚልኝ። አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ልብሽን ያስፋልሽ፣ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን፣ ይስጥሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ባዶ እጄን ነው የምመጣው፣ ከመንሱር ሸሚዝ በቀር። ከድንበሩ ጀምሮ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። እኔን ከመሳምሽ በፊት እሱን ተቀበይኝ። አላጠብኩትም።

ትንሹ ልጅሽ