ሽታዬ የሣለችህ

አዳማ፣ ጥቅምት ፳፬ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ማርሴይ ላለኸው ልጄ ለአብተው፤ መድኃኔዓለም ከዓይኑ አያርቅህ፤ ባሕሩም ሰዉም ይራራልህ። እኔ እናትህ መሰለች አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ከድቶኛል። ዝናቡ ቶሎ ስለቆመ ጤፉ ሳያፈራ ደረቀ። ቀይዋ ላምም ሞተች።

እህትህ ሽታዬ የፈረንጆቹ ትምህርት ቤት ገብታለች። ትናንት መምህርቷ፣ «ዛሬ በአገራችን ሙታን የሚታሰቡበት በዓል ነው፤ እናንተም የሞቱ ዘመዶቻችሁን ሣሉ» ብላ ወረቀትና ቀለም ሰጠቻቸው። ሽታዬ አያትህንና አባትህን ሣለች። ከአባትህ ጎን ደግሞ አንተን አቆመችህ፤ ያውም በጎን፣ በአንድ ዓይን። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን እንደሆነ ታውቃለህ። ተናድጄ መታኋት።

እያለቀሰች፣ «ባቡሩ ሲሄድ በመስኮት ያየሁት እንዲህ ነው፤ ወደኛ አልዞረም። ሌላ ፊቱ ጠፍቶብኛል» አለችኝ።

«ከሙታን ጋር ለምን አደረግሽው?» አልኳት። ከሄድክ ሦስተኛ ዓመትህ ነው፤ አንድም ቃል አልመጣልንም።

ሥዕሉን ልቀደው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ሳጥን ውስጥ በፊቱ ደፍቼ አስቀመጥኩት፤ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ግን ገልብጬ አይሃለሁ።

ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታህ ደረትህን ሸፍን። ከመርከበኞች ጋር አትጠጣ። የአባትህ አምላክ በሰው አገር አያስቀርህ። መጻፉ ቢከብድህ እንኳ አንድ ፎቶግራፍ ተነሥተህ ላክልን። ስትነሣ ወደኛ ዙር፤ ሁለቱም ዓይኖችህ ይታዩ።