በጠርሙስ የምትሄደው አባዱላ

ሰኞ፣ ጥር 4
አሶሳ–ሆሞሻ ሦስት ደርሶ መልስ። የናፍጣው ጀሪካን ባዶ ሆነ። የአባዱላ ሚኒባሷ ባለቤት ሀጂ ዐብዱልቃድር መናኸሪያ ድረስ መጡ። «ረጀብ፣ ይሄ መኪና ነው ግመል? ግመል እንኳ አንዴ ይጠጣል፣ ሳምንት ይቆያል፣ ወላሂ!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው... ናፍጣው እስከ ወር መጨረሻ ካልቀነሰ መሪውን ለሌላ ሹፌር ይሰጣሉ። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን መሪ!

ማክሰኞ፣ ጥር 5
የሚስቴ ወንድም ጁምዓ «መላ አለኝ» አለ። መካኒክ ነው፤ መላ አጥቶ አያውቅም፣ የሚሠራ መላ ግን... የማር ጠርሙስ፣ ውሃ፣ ሶዳ፣ ሁለት ብረት። ሽቦ ከባትሪው ሲያገናኝ ውሃው ተንፈቀፈቀ። «ሃይድሮጅን ነው። ሞተሩ ይህን ከሳበ ናፍጣ ይቀንሳል።» ሽቦውን ነቅሎ ጠርሙሱን ከጋቢናው ወንበር ሥር አሰረው። አዛን ሲል ለመግሪብ ሶላት ሮጠ፤ እየሮጠም «ቀስ ብለህ ንዳ! ከተሰበረ አለቀልን!»

ሐሙስ፣ ጥር 7
አራት ደርሶ መልስ! በአንድ ጀሪካን! የጁምዓን ግንባር ሳምኩ።
ኢንዓም ግን አላመነችም። ሆሞሻ ፊዚክስ ታስተምራለች፣ ሁሌ ጋቢና ነው የምትቀመጠው። «ጋሼ፣ ባትሪውን የሚሞላው ሞተሩ። ሞተሩን የሚያዞረው ናፍጣው። ከቀኝ ኪስዎ አውጥተው ግራው ውስጥ ሲከቱ ይበዛል እንዴ? እንዲያውም መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።»
ምቀኛ! አልኩ በሆዴ። አራተኛውን ደርሶ መልስ ታዲያ ማን ነዳው? ጂኒ?

እሑድ፣ ጥር 10
ዛሬም አራት። ሀጂ «ማሻአላህ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሌሎቹ ሁለት መኪኖቻቸውም ጠርሙስ ሊገባላቸው ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 13
ጉድ! ጁምዓ ውሃ ሊጨምር ወንበሩን ቢያነሳ... ሽቦው ከባትሪው ጋር አልተያያዘም። ያን ዕለት ለሶላት ሲሮጥ ረስቶታል። ስምንት ቀን ሙሉ የሶዳ ውሃ ሳንሸራሽር ከረምን!
ኢንዓም እስክታለቅስ ሳቀች። «ናፍጣውን የቆጠበው እግርዎ ነዋ፣ ጋሼ!»
እውነቷን ነው። ጠርሙሱ እንዳይሰበር ብዬ ጉድጓድ አልዘለልኩም፣ ከማንም አልተሽቀዳደምኩም፣ ዳገት ላይ ነዳጅ አልረገጥኩም። አሥራ አንድ ዓመት ናፍጣውን ሲጠጣ የኖረው የእኔ እግር ነው? በጣም አፈርኩ። ለሀጂ ልንገር? ብነግራቸው ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ነው... ዝም ብልስ?

ቅዳሜ፣ ጥር 16
ጁምዓን ይዤ ሄጄ ነገርኳቸው። አንድም ሳላስቀር።
ሀጂ ወንበሩን አንስተው ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ «መሪው አንተ ጋ ይሁን» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ! እንባዬ መጣ።
«የሌሎቹን ጠርሙስ ላስቀር ታዲያ?» አለ ጁምዓ፣ አንገቱን ደፍቶ።
«ለምን ይቀራል?» አሉ ሀጂ። «ሽቦው ይቅር። ጠርሙሱን እሰር... ለሹፌሮቹ ግን እንዳትነግር።»