ገጽ ሰባትን ማን አነበበው?

ጥር 6
እንደ ወትሮው ዋለ። መስኮቱን ወለወልሁ፣ የደም ግፊት ኪኒኔን ዋጥሁ፣ ጋዜጣ ላይ ሦስት ስሕተት አገኘሁ። ከሰዓት የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣች። "አክስቴ፣ ጉድ ልንገርሽ! ያ የሳንባ ነቀርሳና የጂን ጥናትሽ ሺህ ጊዜ ተጠቀሰ። ጡረታ የወጣሽው ለስሙ ነው!" ሳቅሁ። ደስም አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ግን... ከሺው ውስጥ ስንቱ አንብቦት ይሆን?

ጥር 9
ግድግዳ የምንጋራት ልብስ ሰፊ ስታስል ዋለች። የስፌት መኪናዋ ይቆማል፣ ሳሉ ይቀጥላል። ባሏ አምና በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ድኗል። ሄጄ አንኳኳሁ።
"ለምን አትመረመሪም?"
"ተመርምሬያለሁ እኮ እትዬ። ደሜን ወስደው፣ 'አንቺ የሚከላከል ጂን አለሽ፣ በሽታው አይዝሽም' ብለው መለሱኝ።"
"ራጅ አላነሱሽም? አክታሽንስ?"
"ምን ያደርግልሻል አሉኝ። የጨርቅ ብናኝ ነው፣ ይለቀኛል። አይጨነቁ።"
አይዝሽም? ማን ነው እንዲህ ያለው?

ጥር 10
ወደ መለሳት ክሊኒክ ደወልሁ። ኃላፊው ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የድሮ ተማሪዬ፣ ያ ችኩሌ የምንለው።
"ፕሮፌሰር! የእርስዎን ጥናት እኮ ሥራ ላይ አዋልነው! ጂኑ ያለበትን ሰው ራጅ ማንሳት ቀረ። በሽተኛ ቤት ውስጥ ቢኖርም ግድ የለም።"
"እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍሁም።"
"እንዴ! ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው..."
ዓለም ሁሉ። እሺ፣ ዓለምን አንድ በአንድ እናያለን።

ጥር 13
ከወንድሜ ልጅ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ጽሑፍ ስናገላብጥ ሰነበትን። ዐይኔ ቀላ። ግን አገኘሁት።
እኔ የጻፍሁት፦ ጂኑ ካላቸው መካከል የታመሙት ጥቂት ናቸው፤ ግን ታመዋል። ከእኔ የወሰደው "በሽታውን ይቀንሳል" አለ። ከእሱ የቀዳው "ይከላከላል"። የመጨረሻው "ጨርሶ አይዛቸውም"። የሁሉም ግርጌ ላይ ግን የእኔ ስም ተጠቅሷል! የእኔን ጽሑፍ የከፈተ የለም፤ አንዱ ካንዱ እየቀዳ...
እኛ ስንማር ያላነበቡትን መጽሐፍ መጥቀስ በአለንጋ ያስገርፍ ነበር። ጭካኔ ነው፣ አልመኘውም። ግን እናነብ ነበር።
"አክስቴ፣ ይኼን ካሳረምሽ የሚጠቅስሽ ሰው ይቀንሳል" አለችኝ ልጅቱ።
ይቀንስ።

ጥር 14
ልብስ ሰፊዋን ይዤ ክሊኒክ ሄድሁ። "የደንበኛ ቀሚስ አላለቀልኝም" ብላ ልታመልጠኝ ነበር። "ደንበኛሽ ሌላ ቀሚስ አታጣም፤ ተነሽ!"
ችኩሌ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ሸብቷል... ጥናቱን ፊቱ ዘረጋሁት።
"ገጽ ሰባትን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።"
"መነጽሬን የት..."
"ግንባርህ ላይ ነው።"
ጀመረ። ድምፁ እየሰለለ ሄደ። "'...በመሆኑም ይህ ጂን መኖሩ ማንንም ሰው ከምርመራ ነጻ አያደርግም።'"
መነጽሩን አወለቀ።
"ከዚህ በፊት አንብበኸዋል?"
"ማጠቃለያውን... አዎ።"
"የእኔን ማጠቃለያ?"
"ሌላ ሰው የጻፈውን።"
ልቆጣ አሰብሁ። በር ላይ የልብስ ሰፊዋን ሳል ሰማሁና ተውሁት። ለቁጣ ጊዜ የለም።
"ይህችን ልጅ አሁኑኑ ራጅ አስነሣት። የመለስሃቸውንም በሙሉ ጥራቸው።"
"በሙሉ? ኧረ ፕሮፌሰር፣ ሰው ምን ይለኛል?"
"አነበበ ይልሃል።"

ጥር 17
ውጤቷ ደረሰ። ሳንባዋ ላይ አለ። ብዙ አልተጎዳም፣ በመድኃኒት ትድናለች አሉ። አለቀሰች። ቀጥላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ፣ የቀሚሱን ነገር ለሴትዮዋ ይንገሩልኝ።"
ነገርሁላት። ተመልሼ ለመጽሔቱ ማስተካከያ መጻፍ ጀመርሁ።

የካቲት 24
የመጽሔቱ አዘጋጅ መለሰ። "ስሕተቱ የእርስዎ ስላልሆነ ማስተካከያ አያስፈልግም።" ስሕተቱ የእኔ ባይሆን፣ ስሙ የማን ነው? እንደገና ጻፍሁ።

መጋቢት 19
እንደገና እምቢ አለ፤ እንደገና ጻፍሁ።

ሚያዝያ 8
ችኩሌ መጣ። ከተጠሩት ውስጥ ሌሎች አራት ታማሚዎች ተገኝተዋል። ቁጭ ብሎ ጣቶቹን ሲያሻሽ ቆየ። "ማስተካከያው ላይ የእኔም ስም ይግባ። እኔ ነኝ ሳላነብ ሰው የመለስሁት፤ እሱን እጽፋለሁ።" አሁን አዘጋጁ እምቢ አይልም። ሻይ አፈላሁለት። ስኳር ሲጨምር እንኳ ይቸኩላል።

ሐምሌ 22
ማስተካከያው ከወጣ ወር አለፈው። የወንድሜ ልጅ ፊቷን ቅጭም አድርጋ መጣች። "አክስቴ፣ የጠቀሰሽ አንድ ሰው ብቻ ነው።"
"አምጪው።"
አነበብሁ። ዐረፍተ ነገሬን ቃል በቃል አስቀምጦታል። ገጽ ሰባት ብሎ።
"አንዱ ይበቃኛል፤ አንብቦታል" አልኋት።
ልብስ ሰፊዋ መድኃኒቷን ባለፈው ሳምንት ጨረሰች። ይህን ስጽፍ መኪናዋ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላቆመችም። መስመሬ ተጣመመ። ሄጄ ልቆጣት?... ይጣመም።