የወፍጮ ቤቱ መንገድ

ጋሽ ዘርይሁን፣ እግርዎን ተሻለዎት?

ካርዱ ላይ የሚያዩት ወፍጮ ቤት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። ትናንት ቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ላነሳ ስሄድ፣ ዶሪን የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት እናት "የወፍጮ ቤቱን መንገድ ልንሄድበት ነው፤ ነይ" አሉኝ። የመንደሩ ሰው አራት መቶ ዓመት እህል ተሸክሞ የተመላለሰበት መንገድ ነው። አሁን አጠገቡ ቤት የገዛ ሰው ሰንሰለት ዘርግቶበታል። አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። ሰውየው ወጥቶ "የግል ቦታ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ከሰንሰለቱ ሥር ሾልከው አለፉ፤ እኔም እየፈራሁ ተከተልኳቸው። ዶሪን ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው "እኔ መጎንበስ አልችልም፣ ልጄ" አሉትና ፊቱ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ሰንሰለቱን ፈታላቸው።

ጋሽዬ፣ ከሕንፃችን ጀርባ ወደ ሸለቆው የሚወርደው መንገድ የታጠረ ጊዜ እርስዎ "እኛን መጤዎቹን ማን ይሰማናል" ብለው ጎረቤት እንዲፈርምበት ያዘጋጁትን ፔቲሽን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔም ዝም አልኩ፤ አሁን አፈርኩበት። እባክዎ ያውጡት። በወሩ መጨረሻ ቶሮንቶ እገባለሁ፤ በነጋታው የጎረቤቱን በር ሁሉ አንድ በአንድ አንኳኳለሁ።

ካርዱ ሞላብኝ። እትዬ የኔነሽን ይሳሙልኝ፤ ጎረቤታችንን ኪሩንም ሰላም ይበሉልኝ። ማንም ባይፈርም እኔና እርስዎ ሰኞ የሕንፃው ኦፊስ ድረስ እንሄዳለን። ካልሰሙን ማክሰኞም እንሄዳለን።

ፋናዬ