በፊልም ለምትሞቺበት ቀን

ልጄ ኪት ዪንግ፣

ጤናሽ ይብዛ፤ በለንደን ብርድ ቤትሽ ይሙቅልሽ። እኛ ደህና ነን። የደረቀ ዓሣ የምሸጥበት መደብሬ ሻም ሹይ ፖ ገበያ ውስጥ እንደቆመ ነው። አባትሽ ጉልበቱን እያመመውም መሰላል መውጣቱን አልተወም።

በሚቀጥለው ፊልሜ መጨረሻ ላይ እሞታለሁ ማለትሽ ግን አስጨነቀኝ። ይቅርብሽ ልልሽ ነበር። ትናንት ሽማግሌው ተዋናይ ጋሽ ፎንግ ሽሪምፕ ሊገዙ ሲመጡ አማከርኳቸው።

«እኔ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ሞቻለሁ» አሉኝ። «ይኸው ዛሬም ዋጋ ቀንሺ እያልኩ አሰለችሻለሁ!»

«እርስዎማ የሚሞቱት እዚህ ነው፤ በፊልም የሞተን ክፉ ዕድል እንዳይከተለው ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ ይሰጥዎታል። እዚያ ይህን ማን ያውቃል?»

«ታዲያ እናት አይደለሽ? አንቺ ላኪላት!»

ስለዚህ ሥራውን ተቀበዪ። ፖስታው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ገንዘቡን ወደ ፓውንድ አስመንዝሬዋለሁ። ሞተሽ እንደተነሣሽ ካሜራውን እያየሽ ሳቂ፤ በዚያው ቀን በገንዘቡ ከረሜላ ግዢበት፤ ክፉው አብሮ እንዳይገባ አንድም ሳንቲም ቤትሽ እንዳታስገቢ።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ሥራሽ ይቃናልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ፊልሙ ሲወጣ የምትሞቺበትን ደቂቃ ጻፊልኝ። አባትሽ ተቀምጦ ይመልከት፤ እኔ በዚያች ደቂቃ ከሲኒማው አዳራሽ ወጥቼ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ቶሎ አንሺው።

እናትሽ