አዳማ ስንደርስ ያላለቀው ፊልም

ውድ ተሻለች፣

አውቶቡሱ ውስጥ በከፈቱልን ፊልም አንዲት እናት፣ ያለ ፈቃዷ ባገባች ልጇ ላይ በር ዘጋች። አዳማ ብንደርስም ፊልሙ ስላላለቀ ሁሉም አልወርድ አለ።

«እማማ፣ መናኸሪያ ደርሰናል!» አለኝ ሹፌሩ።

«አይቻለሁ። ትክፈትላትና እወርዳለሁ» አልኩት።

እናትየዋ ዘግይታ ከፈተች፤ ልጅቷ ግን ሄዳለች። ትወናው ደካማ ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል ነው።

እዚህ ሙቀቱ በር አያስዘጋም፤ እንደ ደብረ ብርሃን አይደለም። ልጅሽ ኮከብም በሯን ከፍታ ተቀበለችኝና ገና ሳልቀመጥ «እማዬ ስለ እኔ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ናፍቀሻታል» አልኳት። ዋሽተሻል በዪኝ እስቲ!

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትሽ ለአብተው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጥምቀት ኮከብን ከባሏ ከማናሴ ጋር ይዣቸው እመጣለሁ፤ ብርዱን ቻዪውና በርሽን ከፍተሽ ጠብቂን።

እንቁ