አስር ሰከንድ

ልጄ፣ በወጣሽበት በገባሽበት ክፉ አይንካሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ገጣጥመሽ የሠራሽው ኮምፒውተር ዛሬም ሲከፈት ሁለቱን ሲስተሞች፣ የእኔን ዊንዶውስና ያንቺን ሊኑክስ፣ አስቀምጦ እንድመርጥ ይጠብቀኛል። አስር ሰከንድ ዝም ካልኩት ያንቺን ይከፍታል። እኔም ጠዋት ጠዋት እጄን አጣጥፌ ዝም እለዋለሁ። ስምሽ ከይለፍ ቃል መጠየቂያው በላይ ብቅ ሲል ደህና አደርሽ ብዬ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና አስነስቼ የእኔን እከፍታለሁ።

ትናንት ኮምፒውተር ጠጋኙ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ ማንም የማይነካው ሲስተም ቦታ ይዞብሻል፤ ላጥፋው?» አለኝ።

«ተው፣ ሰው አለበት» አልኩት። ሳቀብኝ።

የይለፍ ቃሉን ልላክልሽ ብለሽኝ ነበር። አትላኪልኝ ልጄ፤ ስትመጪ ራስሽ ትከፍቺዋለሽ። ብቻ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ